የሄንሪ ዱናንት ሕይወት፤ በጎ ሥራን በአንድነት ለሚሠሩ ሰዎች ምክር

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ደመወዝ የማይከፈልበትን በጎ ሥራ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተባብረህ ሠርተህ እንደ ሆነ፥ የዚህ ሥራ ችግር ከገንዘብ ማነስ ይልቅ ከሰዎች አለመስማማት እንደሚመጣ ሳታስተውል አልቀረህም። በደመወዝ የሚሠራ ሰው በአሠሪው ቢያዝንም ስለ እንጀራው ሲል ይታገሣል፤ በፈቃዱ የመጣ ሰው ግን ባዘነ ጊዜ በፈቃዱ ይሄዳል፤ አለቃውም ሊያስገድደው አይችልም። ስለዚህ በጎ ሥራን በአንድነት የሚሠሩ ሰዎች ከደመወዝተኞች ይልቅ ትዕግሥትና ትሕትና ያስፈልጋቸዋል። ይህንም ለማስረዳት ለቀይ መስቀል ሥራ መነሻ የሆነውን የሄንሪ ዱናንትን ሕይወት እንተርክልሃለን። ነቀፋ የሌለበት ሰው አድርገን አናቀርብልህም፤ ከመልካም ሥራው የምንማረው እንዳለ ሁሉ፥ ከጉድለቱና ከባልንጀሮቹ ጉድለት የምንማረው ብዙ ነገር አለና። የምንጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ዱናንት በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ በ1828 ዓ.ም. በሜይ ወር በ8ኛው ቀን ተወለደ። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩና በከተማው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆችና ከወህኒ የወጡትን ሰዎች ይረዳ ነበር፤ እናቱም ድኾችንና በሽተኞችን ትጐበኝ ነበር። ልጁም ይህን እያየ አደገ። 18 ዓመት በሆነው ጊዜ በከተማው ወዳለው የምጽዋት ማኅበር ገባ፤ በሚከተለውም ዓመት ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብና ድኾችን የሚረዳ የሐሙስ ማኅበር መሠረተ። ከሥራው በተረፈው ጊዜም ወደ ወህኒ ቤት እየሄደ እስረኞችን ይጐበኝ ነበር።

ትምህርት ግን አልቀናውም፤ ውጤቱ ደካማ ስለ ሆነ በ1849 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ትቶ በአንድ ባንክ ሥራ ለመልመድ ገባ። አንተ ተማሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ በትምህርት ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ለበጎ ሥራ አይረባም ብለህ አትናቅ። ይህ ወጣት በ1852 ዓ.ም. የጄኔቭን የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በሌሎች አገሮች ወዳሉትም መሰል ማኅበሮች ብዙ ደብዳቤ እየጻፈ እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ ያደርግ ነበር። በ1855 ዓ.ም. እነዚህ ማኅበሮች በፓሪስ ከተማ ተሰብስበው አንድ የዓለም ኅብረት በመሠረቱ ጊዜ እርሱም በመካከላቸው ነበረ። እንግዲህ የዱናንት ስጦታ የሰውን ልብ ማነሣሣትና የተራራቁትን ሰዎች ማገናኘት ነበረ።

ከዚህም በኋላ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ መንግሥት ሥር በነበረችው በአልጀሪያ አገር እህል የሚያመርትና የሚፈጭ ኩባንያ አቋቋመ። ነገር ግን የመሬቱና የውኃው ፈቃድ በሚገባ አልተሰጠውም፤ የአገሩ ሹማምንትም ጉዳዩን አልፈጸሙለትም። ስለዚህ አቤቱታውን ለፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ለናፖሊዮን ሣልሳዊ ለማቅረብ አሰበ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጊዜ አውስትሪያን ለመውጋት ወደ ሰሜን ኢጣልያ ዘምቶ ነበርና፥ ዱናንትም ወደዚያው ተጓዘ።

በ1859 ዓ.ም. በጁን ወር በ24ኛው ቀን ሶልፌሪኖ በምትባል መንደር አጠገብ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ውጊያው ቀኑን ሙሉ ቆየ፤ የሞቱትና የቈሰሉትም በአሥር ሺሆች የሚቈጠሩ ነበሩ። የሠራዊቱ ሐኪሞች ከቍስለኛው ብዛት የተነሣ አልበቁም። በአቅራቢያው ያለችው የካስቲልዮኔ ከተማ በቍስለኞች ተሞላች፤ አብያተ ክርስቲያናቱም፥ የሰው ቤቶቹም፥ መንገዶቹም ሁሉ የሕመምተኛ ማደሪያ ሆኑ። ዱናንትም ስለ ንግዱ ጉዳይ በመጣበት ቦታ ይህን አየ።

እርሱ ሐኪም አልነበረም፤ ወታደርም አልነበረም፤ ማንንም ሊያዝዝበት የሚችል ሹመት አልነበረውም። ይሁን እንጂ የሚታየውን መከራ አልፎ መሄድን እንቢ አለ። የከተማይቱን ሴቶችና ልጃገረዶች ሰብስቦ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለወደቁት ውኃና ምግብ እንዲያቀርቡ፥ ቍስላቸውንም እንዲያጥቡና እንዲያስሩ አደረገ። ልጆችን ውኃ እንዲቀዱ ላከ፤ ጋሪ ነጂውንም የሚያስፈልገውን ዕቃ እንዲገዛ ወደ ብሬሺያ ከተማ ሰደደ። በመንገድ የሚያልፉትንም እንግዶች ለምኖ በሥራው አገባቸው። በፈረንሳዮች እጅ የተማረኩት የአውስትሪያ ሐኪሞች ቍስለኞችን ለማከም እንዲፈቱም ጠየቀ፤ ተፈጸመለትም።

በተለይ ይህን አስተውል። ከቍስለኞቹ መካከል አውስትሪያውያን ነበሩ፤ እነርሱም የዚያ አገር ሰዎች ጠላቶች ነበሩ። ዱናንት ግን ወዳጁንና ጠላቱን ሳይለይ ሁሉን እኩል ያገለግል ነበር። ሴቶቹም ይህን ባዩ ጊዜ እንደ እርሱ አደረጉ፤ ሰዎች ሁሉ ወንድማማች መሆናቸውንም እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ብዙ ቃል ሳይናገር በሥራው ብቻ አስተማራቸው። በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎችን የሚመራ ሰው ከዚህ የበለጠ ሥልጣን የለውም፤ እርሱ አስቀድሞ ያደረገውን ሌሎቹ በኋላ ያደርጉታል።

ነገር ግን ዱናንት በዚያ ከተማ ሌላ ነገርም ተመለከተ። በዚያ ውኃና ምግብ ነበረ፤ ቍስለኞቹ ግን በጥማትና በረኃብ ይሞቱ ነበር። ለቍስል ማሰሪያ የሚሆን ጨርቅም ሞልቶ ነበር፤ የሚያስሩት እጆች ግን አልበቁም። ርኅራኄ ሳይጐድል ሥርዓት ጐድሎ ነበር። በድንገት የተነሣ በጎ ፈቃድ ሥራውን አይለምድም፤ ቶሎም ይደክማል። ስለዚህ ረዳቶች በሰላም ጊዜ ተመርጠውና ሥራውን ተምረው መዘጋጀት እንደሚገባቸው ተረዳ።

ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉም የሶልፌሪኖ መታሰቢያ የሚባለው ነው። በ1862 ዓ.ም. በገዛ ገንዘቡ 1,600 ያህል አሳትሞ ለነገሥታትና ለመኳንንት፥ ለጦር አለቆችና ለታወቁ ሰዎች ላከው። በመጽሐፉም ሁለት ነገር ለመነ፤ አንደኛ፥ በየአገሩ ቍስለኞችን የሚረዱ የፈቃደኞች ማኅበሮች በሰላም ጊዜ እንዲቋቋሙ፤ ሁለተኛ፥ መንግሥታት ተስማምተው ይህን ሥራ በውል እንዲያጸኑት።

በጄኔቭ ከተማ ጉስታቭ ሟኒዬ የሚባል የሕግ ዐዋቂ ነበረ። እርሱም የከተማው የሕዝብ በጎ አድራጎት ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረ። መጽሐፉን አንብቦ ልቡ ተነካ፤ ነገሩንም በማኅበሩ ጉባኤ ፊት አቀረበው። በ1863 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አምስት ሰዎች የሚገኙበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እነርሱም ሟኒዬ፥ ጄኔራል ዱፉር፥ ሐኪሞቹ ሉዊ አፒያና ቴዎዶር ሞኗር፥ ዱናንትም ነበሩ። ጄኔራሉ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ዱናንትም ጸሐፊ ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ የሰዎቹን ምርጫ ተመልከት። አንዱ ሕግን ያውቃል፤ አንዱ ሠራዊትን ያውቃል፤ ሁለቱ ሕክምናን ያውቃሉ፤ አምስተኛውም የሰውን ልብ ማነሣሣት ያውቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ያስተማረውን ትምህርት በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ኮሚቴ ማየት ይበቃው ነበር።

ነገር ግን ብልቶቹ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ቀሩ። ሟኒዬ ጠንቃቃ ሰው ነበረ፤ ነገርን ሁሉ መርምሮ፥ በወረቀት አስፍሮ፥ የሚቻለውን ከማይቻለው ለይቶ ይሠራ ነበር። ዱናንት ግን ያሰበውን ነገር ሳይውል ሳያድር ለዓለም ሁሉ መንገር ይወድ ነበር። ሁለቱም የተለያዩበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ዱናንት ቍስለኞችን የሚረዱ ሰዎች ከሁለቱም ወገን እንዳይነኩና ከጦርነቱ ወገን ነጻ ሆነው እንዲቈጠሩ ፈለገ። ሟኒዬ ግን መንግሥታት ይህን አይቀበሉትም ብሎ ስላሰበ፥ ዱናንት በዚህ ነገር አጥብቆ እንዳይናገር መከረው። ዱናንትም ምክሩን ሳይቀበል በ1863 ዓ.ም. በበርሊንና በሌሎችም ከተማዎች እየተዘዋወረ ይህንኑ ሐሳብ ለታላላቅ ሰዎች ነገራቸው።

ከሁለቱ ማን እውነተኛ ነበረ? በነገሩ ዱናንት እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በ1864 ዓ.ም. በኦገስት ወር በ22ኛው ቀን 12 መንግሥታት በጄኔቭ የፈረሙት ውል ሐኪሞችና ረዳቶች እንዳይነኩ ወሰነና። በነጭ ላይ ያለ ቀይ መስቀልም የዚህ ሥራ ምልክት ሆነ። ነገር ግን ያለ ሟኒዬ ጥንቃቄና ትጋት ያ ጉባኤ አይሰበሰብም ነበር፤ ውሉም ተጽፎ አይፈረምም ነበር። እንግዲህ አንዱ ለሌላው እንደ ቀኝና ግራ እጅ ነበረ። በልባቸው ግን ቂም ገብቶ ነበር። በዚያ ታላቅ ጉባኤ ለሐሳቡ መነሻ የሆነው ዱናንት የእንግዶችን ማረፊያና ግብዣ ከማሰናዳት በቀር ሌላ ክፍል አልተሰጠውም።

አሁን ደግሞ የዱናንትን ጥፋት እንንገርህ፤ ልንሰውረው አይገባንምና። ስለ ቍስለኞች ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር የአልጀሪያውን ንግድ ቸል አለው። በንግዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ አምነው የሰጡት ሰዎች ገንዘብ ነበረ። በ1867 ዓ.ም. እርሱ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነበት የጄኔቭ የብድር ባንክ ወደቀ፤ ዱናንትም ከሰረ። ዕዳው ወደ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ ደረሰ። በሚከተለውም ዓመት የጄኔቭ የንግድ ፍርድ ቤት በማታለል አሠራር ፈረደበት። በጎ ሥራ የሚሠራ ሰው የሌላውን ሰው ገንዘብ በቸልታ ቢይዝ፥ በጎነቱ ከነቀፋ አያድነውም። ሒሳብን በንጽሕና መያዝ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር የሚቈጠር ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው።

ኮሚቴውም የሥራው ስም እንዳይጠፋ ፈራ። ዱናንት በ1867 ዓ.ም. በኦገስት ወር ጸሐፊነቱን ለቀቀ፤ በሴፕቴምበርም ከኮሚቴው ጨርሶ ወጣ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የጄኔቭ የወጣቶች ማኅበርም ከእርሱ ተለየ። ከጄኔቭ ወጥቶ ዳግመኛ አልተመለሰባትም። ሟኒዬ ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆኖ ሥራውን በታላቅ ትጋት አስፋፋው፤ የወደቀውን ባልንጀራውን ግን አላነሣውም። አንባቢ ሆይ፥ የሕዝብ አደራ ያለበትን ማኅበር ከነቀፋ መጠበቅ ተገቢ ነገር ነው። ሰውን ከሹመቱ ማንሣትና ከወንድምነት ማውጣት ግን አንድ አይደለም። በሶልፌሪኖ ለወደቀው ጠላት እጁን የዘረጋ ሥራ፥ በገዛ ቤቱ ለወደቀው ወንድም እጁን አልዘረጋም።

ዱናንት በፓሪስና በሌሎችም ከተማዎች በድኽነት ተንከራተተ፤ የሚያድርበት አጥቶ በሜዳ ያደረበትም ጊዜ ነበረ። ይሁን እንጂ በ1870 ዓ.ም. ፈረንሳይና ጀርመን በተዋጉ ጊዜ በፓሪስ ሆኖ የተቸገሩትን ለመርዳት እንደ ገና ደከመ። በመጨረሻም በ1887 ዓ.ም. በምሥራቅ ስዊስ ወዳለችው ወደ ሃይደን መንደር መጣ። በዚያ ቪልሄልም ዞንደሬገር የሚባል መምህር ወዳጅ ሆነው፤ የሕይወቱንም ታሪክ እንዲጽፍ አበረታታው። በመንደሩ የቀይ መስቀል ማኅበር በተቋቋመ ጊዜም ዱናንት የክብር ሊቀ መንበር ሆነ። ነገር ግን የቈየው ቍስል አልሻረም ነበር። ዱናንት ያለ ማስረጃ ይህን መልካም ወዳጁን ከሟኒዬ ጋር ተማክሮብኛል ብሎ ጠረጠረው፤ ወዳጅነታቸውም ፈረሰ። በቂም የተያዘ ሰው የቀድሞውን ባላጋራውን በአዲሱ ወዳጁ ፊት ላይ ያያል። ዱናንት ተበድሎ ነበር፤ በደሉ ግን እርሱንም በዳይ አደረገው።

ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ በሃይደን ሆስፒታል በአንዲት ክፍል ኖረ። ብዙ ሰዎች ረስተውት ነበር። በ1895 ዓ.ም. ጌዮርግ ባውምበርገር የሚባል ጋዜጠኛ አግኝቶት ታሪኩን ጻፈ፤ ወሬውም በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። በ1901 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠ ጊዜ፥ ዱናንት ከፈረንሳዊው ከፍሬዴሪክ ፓሲ ጋር ተቀበለው። የጄኔቭ ኮሚቴም የደስታ መግለጫ ላከለት። እርሱ ግን ከገንዘቡ ለራሱ ምቾት ምንም ሳያወጣ በዚያችው ክፍል ኖረ። በኑዛዜውም ከገንዘቡ ከፍሎ በሃይደን ሆስፒታል ለድኾች በነጻ የሚሰጥ አንድ አልጋ እንዲኖር አደረገ፤ ለበጎ አድራጎት ማኅበሮችም ተወላቸው።

ሟኒዬ በ1910 ዓ.ም. በኦገስት ወር ሞተ። ዱናንትም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በ30ኛው ቀን ሞተ። ለአርባ ሦስት ዓመታት ሁለቱም ክርስቲያን ተብለው ሲኖሩ፥ አንድ ሥራ ወድደው ሲያረጁ፥ ሳይታረቁ በሁለት ወር ልዩነት ወደ መቃብር ወረዱ። ሥራቸው በዓለም ሁሉ ጠላትን ከጠላት ጋር በአንድ ጣራ ሥር አስተኛ፤ እነርሱ ግን በአንድ ማዕድ ሳይቀመጡ ቀሩ።

የሥራቸው ፍሬ ወደ እኛም አገር ደርሷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 ዓ.ም. በጁላይ ወር ተቋቋመ፤ ከሦስት ወር በኋላም የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ጥሶ ገባ። በዚያ የመከራ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከሆላንድ፥ ከእንግሊዝና ከሌሎችም አገሮች ከመጡ ሐኪሞች ጋር ሆነው በዚያ ምልክት ሥር ቍስለኞችን አገለገሉ። ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ምልክቱ ሳይከበር የሞቱም ነበሩ። እንግዲህ የዱናንትንና የሟኒዬን ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ አትቍጠረው።

ምናልባት አንተ ራስህ በእድር፥ በትምህርት ቤት ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን በሚያሠራ ኮሚቴ ውስጥ ታገለግል ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ አምስት ነገር ያዝ።

መጀመሪያ፥ ሰዎችን በፈቃዳቸው የምትመራ ከሆንህ አንተ ያልሠራኸውን ሥራ አትዘዝ። በካስቲልዮኔ ሴቶቹ የተከተሉት የዱናንትን እጅ እንጂ አፉን አይደለም።

ሁለተኛ፥ ለየሰው እንደ ስጦታው ሥራን ክፈል። የሚያነሣሣውን ሰው የሒሳብ ሣጥን አታሸክመው፤ ሒሳብ ዐዋቂውንም ስለማይናገር አትናቀው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሆናል፤ ለአንዱ ግን ሸክም ነው።

ሦስተኛ፥ የሐሳብ ልዩነት በተነሣ ጊዜ በጉባኤ ፊት በግልጥ ተናገር። ጉባኤው ሳይወስን በውጭ የራስህን ሐሳብ አትስበክ፤ ሊቀ መንበርም ብትሆን ያልታዘዘህን ሰው ዝቅተኛ ሥራ በመስጠት አትበቀለው።

አራተኛ፥ የሕዝብን ገንዘብ ያጐደለውን ሰው ከሹመቱ ብታነሣው ስለ አደራው ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ሄደህ ጠይቀው።

አምስተኛ፥ ሥራው የእግዚአብሔር እንጂ የአንተ ገንዘብ አይደለም። የጀመርኸውን ሌላ ሰው ቢፈጽመውና ቢመሰገንበት ደስ ይበልህ፤ ሌላው የጀመረውን አንተ ብትፈጽም ደግሞ የጀመረውን ሰው ስም አትርሳ። ጳውሎስና በርናባስ ስለ ማርቆስ ተጣልተው ተለያይተው ነበር፤ ጳውሎስ ግን በእስራቱ ጊዜ ያንኑ ማርቆስን ፈልጎ አስጠራው። ለዱናንትና ለሟኒዬ የጐደላቸው ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ጌታችን በመሠዊያው ፊት ቆመህ ወንድምህ እንዳዘነብህ ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ እንድትታረቅ አዝዟል። የማኅበርህ ሥራም መባህ ነው። ከባልንጀሮችህ አንዱ ስለ አንተ ከጉባኤው ቀርቶ እንደ ሆነ፥ የሚመጣውን ስብሰባ አትጠብቅ፤ አርባ ሦስት ዓመት የሚሆነው ከአንዲት ቀን ተጀምሮ ነውና። ዛሬ ሳይመሽ ተነሥተህ ወደ ቤቱ ሂድ።